ባሕር ዛፍ በሞተር መጋዝ ለሚቆርጥ ሰው የትኛው ሄልሜት ይሻላል?

የጦሳ ማዶ
ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። እስኪ ልምድ ያላችሁ ሐሳብ ጀባ በሉኝ።

ደሴ ዙሪያ ቋሚ ባሕር ዛፍ ከገበሬ እየገዛን እንቆርጣለን። ቀጭኑን ለአጣና፣ ወፍራሙን ለጣውላና ለማገዶ እንሸጣለን። ከኩታበር እስከ ጉጉፍቱ ሥራ ባለበት እንሄዳለን። ሞተር መጋዙን የምይዘው እኔ ነኝ። ሁለት ልጆች ደግሞ ቅርንጫፍ ይመለምላሉ፣ ግንዱን ይጎትታሉ። ሁላችንም ጭንቅላታችን ላይ ያለው ሻሽ ወይም ኮፍያ ነው። አሁን ለሦስታችንም ሄልሜት ልገዛ ነው።

ገበያ ላይ ያየሁት እንዲህ ነው። አንደኛው ሕንፃ ሥራ ላይ ሁሉም የሚያደርገው ቢጫ ሄልሜት ነው። ርካሽ ነው። ሁለተኛው ብርቱካናማ ነው፤ ከፊቱ የሽቦ መረብ፣ ግራና ቀኙ ላይ የጆሮ መሸፈኛ አለው። ያገለገለ ነው ግን ደህና ይመስላል። ሻጩ «የ18 ነው፣ ገና አዲስ ነው» ብሎኛል። ዋጋው የቢጫውን ብዙ እጥፍ ነው። ሦስተኛው የጓደኛዬ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ነው፤ በነፃ። ጥንካሬው ከሁሉም ይበልጣል ብሎ ይምላል።

የቱን ልያዝ?

ቧንቧ ውሃ ሰፈር
የሞተሩን ውሰዳ! ነፃ ነው፣ ፊትህንም ይሸፍናል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

ኮምቦልቻ ሴፍቲ
የሞተሩ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው። ግን የተሠራው ሰው ወድቆ ከአስፋልት ጋር ሲጋጭ እንዲያተርፈው ነው። እዚህ አደጋው የሚመጣው ከላይ ነው። ዛፍ ቆራጭ ቶሎ ቶሎ ቀና ብሎ ጫፉን ማየት አለበት። የሞተር ሄልሜት ኋላው ማጅራት ላይ ስለሚያርፍ እንደ ልብ ቀና አያደርግም። ትንፋሽህና ላብህ መስተዋቱን ያደበዝዘዋል፣ ሰጋቱራው ይለጠፍበታል። ክብደቱ ሲታከልበት ገና ረፋዱ ላይ አውልቀህ ትጥለዋለህ። የወለቀ ሄልሜት ደግሞ ማንንም አያድንም።

እኔ እንጨት አልቆርጥም፣ ይሄን አስቀድሜ ልናገር። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሥራ ደህንነት ላይ ነው የምሠራው። ሄልሜት መግዛት፣ መፈተሽና የማይሆነውን መጣል የዘወትር ሥራዬ ነው።

መጀመሪያ የምታየው ደረጃውን ነው። የአውሮፓው ኢኤን 397 ይባላል። የአሜሪካው አንሲ ዜድ 89.1 ነው። ከውስጥ በኩል ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ ወይም ተለጥፎ ታገኘዋለህ። አንዱም ከሌለ የያዝከው ሄልሜት የሚመስል ፕላስቲክ ነው። ገበያው ላይ እንዲህ ያለው ሞልቷል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ቢጫው ይህ ጽሑፍ ካለው አናትህን በመጠበቅ ከብርቱካናማው አያንስም። አብዛኞቹ የጫካ ሄልሜቶች የሚፈተኑት በዚያው በኢኤን 397 ነው። ልዩነቱ ፊትና ጆሮ ላይ ነው። ለመጋዝ ያዡ ግን ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሞተር መጋዝ ከ100 ዴሲቤል በላይ ይጮኻል። 85 ዴሲቤል ላይ 8 ሰዓት መሥራት ይቻላል ይባላል። ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ስታሰላው 100 ላይ የሚደርስህ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። አንድ ታንክ ቤንዚን ሳትጨርስ ጆሮህ የቀኑን ድርሻ ጨርሷል ማለት ነው። ስለዚህ መጋዝ ያዡ መረብና የጆሮ መሸፈኛ ያለው ያድርግ። ልጆቹ ደረጃ ያለው ቢጫ ይበቃቸዋል፤ አጠገብህ የሚውሉ ከሆነ ግን ለእነሱም ለጆሯቸው የሆነ ነገር ጨምርላቸው።

ያገለገለ ያልከው ግን አሳስቦኛል። «የ18 ነው» ያለህን አንተ ራስህ አይተኸዋል?

የጦሳ ማዶ
አላየሁም፣ ሻጩ ነው የነገረኝ። የት ነው የሚታየው?

ኮምቦልቻ ሴፍቲ
ገልብጠህ ከፊት ጥላው ሥር እይ። የሰዓት ገበታ የሚመስል ክብ ምልክት ታገኛለህ። ዙሪያውን ከ1 እስከ 12 ወሮቹ ናቸው። ቀስቱ የተመረተበትን ወር ያመለክታል። መሐሉ ላይ ያለው ሁለት አሃዝ ዓመቱ ነው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ዓመቱ በፈረንጅ ነው። 18 ካለ በፈረንጅ 2018 ማለት ነው፤ በእኛ 2010 ገደማ። ሻጩ አውቆ ይሁን ሳያውቅ እኔ አልፈርድም። ግን የእኛ 2018 ነው ብለህ ከገዛኸው የስምንት ዓመት ዕቃ ይዘህ ነው ቤትህ የምትገባው።

ብዙ አምራቾች ለፕላስቲኩ 5 ዓመት ገደማ ይሰጡታል። የሚያንስም የሚበልጥም አለ፤ የየራሳቸው መመሪያ ላይ ይጽፉታል። ጭንቅላት የሚይዘውን የውስጡን ማሰሪያ ደግሞ በየዓመቱ ቀይሩ የሚሉ አሉ።

ሙጋድ
የፈረንጁና የእኛ ካላንደር ስንቱን ጉድ አደረገ! ይሄ ነገር የመኪና ጎማ ላይም አለ እኮ።

ሐይቅ ዳር
ዕድሜውን ከማየት ጋር ፀሐዩንም አስቡት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት የሚባለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ፕላስቲክ ገዳዩ ይሄ ነው። ሱቅ በር ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ የከረመ ሄልሜት ማንም ሳይለብሰው ያረጃል። አይሱዙ ጋቢና ውስጥ መስተዋቱ ሥር የሚውለውም እንደዚያው።

ሲያረጅ ቀለሙ ይደበዝዛል። በጣትህ ስታሸው ዱቄት የመሰለ ነገር ይለቃል። ፀጉር የመሳሰሉ ስንጥቆች ይታያሉ። ሁለት ጎኑን በእጅህ ጨመቅ አድርገው፤ ከተንቋቋ ወይም ወደ ቦታው ካልተመለሰ ተወው። ፔልቶር ጂ3000 የሚባለው ሄልሜት ላይ ቀይ ክብ ምልክት አለ። ፀሐይ ባየ ቁጥር እየነጣ ይሄዳል። ነጭ ከሆነ ዕድሜው አልቋል። ያገለገለ የምትገዙ ሰዎች ይሄኛው ቢገጥማችሁ ከሻጩ ጋር ክርክር የለም፣ ምልክቱን ማየት ነው።

ቀለም የተቀባም አትግዙ። ቀለምና ማቅጠኛው ፕላስቲኩን ይበላዋል፣ ስንጥቁንም ይሸፍነዋል።

ወረኢሉ በር
አቦ አታካብዱት። አባቶቻችን በፋስ ስንት ዛፍ ሲጥሉ የኖሩት ሄልሜት አድርገው ነው? የሚጠብቀው አላህ ነው። ሰውዬው ገንዘቡን ለመጋዙ ሰንሰለት ቢያውለው ይሻለዋል።

አልብኮ ጫፍ
አብሽር ወንድሜ፣ አላህ መጠበቁን ማን ካደ። ግን ግመሏን ማሰር የሚባል ነገርም አለ እኮ።

ፋስና ሞተር መጋዝን አንድ አታድርጋቸው። በሁለቱም ሠርቻለሁ። በፋስ ስትቆርጥ ጸጥታ ነው። ዛፉ ሊወድቅ ሲል ሲንቋቋ ትሰማዋለህ፣ ትሸሻለህ። በመጋዝ ግን ያን ድምፅ ሞተሩ ይውጠዋል። ግንዱም ይንቀጠቀጣል፤ ላይ ተንጠልጥሎ የከረመው ደረቅ ቅርንጫፍ አንተ አጎንብሰህ ሳለ ይለቃል።

ባሕር ዛፍ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከአንድ ጉቶ ሦስትም አራትም ሆኖ ያቆጠቁጣል። ጫፉ ከጎረቤቱ ጋር ይጠላለፋል። አንዱን ስትቆርጠው ሳይወድቅ ሌላው ላይ ይጋደማል። ያን ጊዜ ሥሩ ገብቶ የሚጎትት ሰው አለ! ወይ ደግሞ የተደገፈበትን ሊቆርጥ የሚሄድ። የተጋደመ ዛፍ ሥር በሄልሜትም ያለ ሄልሜትም አይገባም። በገመድ ወይም በረጅም እንጨት ከጎን ሆኖ ማንከባለል ነው።

ስለዚህ ለጠያቂው የምለው፦ ሄልሜቱን ግዛ፣ ግን ብዙ አትመነው።

ኮምቦልቻ ሴፍቲ
አልብኮ ጫፍ ያለው ላይ ቁጥር ልጨምር። ኢኤን 397 ሲፈተን 5 ኪሎ የሚመዝን ብረት ከ1 ሜትር ከፍታ አናቱ ላይ ይለቀቃል። ወደ ራስ የሚያልፈው ኃይል ከ5 ኪሎ ኒውተን መብለጥ የለበትም። ፈተናው ይሄ ነው።

አሁን 10 ኪሎ የሚሆን ደረቅ ቅርንጫፍ ከ15 ሜትር ወደቀ እንበል። ባሕር ዛፍ ላይ 15 ሜትር ምንም አይደለም። ይዞት የሚመጣው ጉልበት የፈተናውን 30 እጥፍ ነው። 5 ኪሎውን በ1 ሜትር፣ 10 ኪሎውን በ15 ሜትር አባዝታችሁ አስተያዩት። ሄልሜቱ ለትንንሹ ቅርንጫፍ፣ ለሚጨርፈው፣ ለሚፈናጠረው ነው። ለትልቁ መፍትሔው ሞተሩን ከመቀስቀስ በፊት ዛፉን መዞር፣ ቀና ብሎ ማየትና መሸሻ መንገድ መጥረግ ነው።

ሌላም አለ። መጋዙ ወደ ኋላ ሲዘል ሰንሰለቱ ፊትና አንገት ጋ ነው የሚመጣው። የሽቦው መረብ ስንጥርና ቅርፊት ይመልሳል እንጂ ሰንሰለት አያቆምም። ለዚያ የመጋዙ የሰንሰለት ፍሬን መሥራቱን ጠዋት ጠዋት ፈትሽ።

ወረኢሉ በር
እሺ 30 እጥፉ አሳመነኝ። ግን ጆሮ ሸፍኖ መሥራት ራሱ አደጋ አይደለም? «ዛፉ መጣ!» ቢሉህ በምን ትሰማለህ?

አልብኮ ጫፍ
መጋዙ እየሠራ ሳለ ባዶ ጆሮህንም ብትሆን አትሰማም። ስለዚህ በጩኸት መተማመን ቀርቶ በእጅ ምልክት መስማማት ነው። እኛ አንድ ሰው ፊት ለፊት አርቀን እናቆማለን። እጁን ካነሳ መጋዝ ይቆማል። ከኋላ መጥቶ ትከሻ የሚነካ ሰው ግን ቡድናችን ውስጥ ቦታ የለውም።

ገራዶ
ይቅርታ፣ እኔ ቆራጭ አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ረሳችሁ።

ዛፍ በተቆረጠ ቁጥር ቅጠልና ጭራሮ ለቃሚ ሴቶች ይመጣሉ። ልጆችም አብረው። ዛፉ ገና እየወደቀ እነሱ ሥሩ ናቸው፤ ቀድሞ የደረሰ ነው የሚለቅመው። ለእነሱ ሄልሜት የሚገዛ የለም። እናቴ በዚህ ሥራ ነው ያሳደገችን፣ ስለዚህ አውቀዋለሁ። ቆራጮቹ «ሂዱ!» ብለው ይጮኻሉ፣ ሴቶቹ ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ፣ ወዲያው ይመለሳሉ።

አልብኮ ጫፍ
እህቴ እውነትሽን ነው። ርቀቱ ከዛፉ ቁመት ቢያንስ ሁለት እጥፍ መሆን አለበት። 20 ሜትር ዛፍ ከሆነ 40 ሜትር። መጮህ ብቻውን አይሠራም፣ እኔም አይቼዋለሁ። የሚሠራው ተስማምቶ ሰዓት መስጠት ነው። «እስከ ምሳ እንጥላለን፣ ከምሳ በኋላ መጋዝ ይጠፋል፣ ያኔ ግቡና ልቀሙ» ስትላቸው ይጠብቃሉ። ማንም እንደማይቀድማቸው ካወቁ ምን ያጣድፋቸዋል።

ገራዶ
ይሄ ጥሩ ነው። አላህ ይስጥህ።

ሌላ ጥያቄ፣ ከሄልሜቱ ሥር ሻሽ ማሰር ይቻላል? ወንድሜ ብርዱን አልችልም ብሎ በሻሽ ጠቅልሎ ነው የሚያደርገው።

ኮምቦልቻ ሴፍቲ
ሄልሜት የሚሠራው በፕላስቲኩና በአናት መካከል ባለው ባዶ ቦታ ነው። ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዱላው ሲያርፍ የውስጡ ማሰሪያ ተለጥጦ ጉልበቱን የሚያበርደው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ክፍተቱን በጋቢ ወይም በተቋጠረ ሻሽ ከሞላኸው ምቱ በቀጥታ አናትህን ያገኛል። ስስ፣ ቋጠሮ የሌለው ጨርቅ ከሆነ ግን ችግር የለውም፤ ከኋላ ያለውን ማጥበቂያ እንደገና ልክ ማድረግ ነው። እዚያ ክፍተት ውስጥ ሲጋራ፣ ስልክ፣ አንዳንዱማ ጫቱን የሚያስቀምጥ አይቻለሁ።

ልኩን ለማወቅ የአገጭ ማሰሪያውን ሳታስር አጎንብስና ራስህን ነቅነቅ አድርግ። ከወደቀ ላልቷል። ግንባርህ ላይ ምልክት ካወጣ ጠብቋል። የፊቱ ጠርዝ ከቅንድብህ በላይ ሁለት ጣት ያህል ይሁን። ወደ ኋላ ገፍቶ እንደ ቆብ ማድረግ ያምራል፣ ግንባርን ግን ባዶ ያስቀረዋል።

የጎፍ ሥር
እኔ ዛፍ ላይ ወጥቼ ነው የምመለምለው። ቤት አጠገብ ያለ ዛፍ ከነቁመቱ ስለማይጣል ከላይ እየቆራረጥን እናወርደዋለን። ቢጫው ሄልሜት ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ይወድቅብኛል። የአገጭ ማሰሪያ ገዝቼ ብሰፋበትስ?

ኮምቦልቻ ሴፍቲ
አይሆንም። ለሚወጣ ሰው ሌላ ዓይነት ነው የሚያስፈልገው። የተራራ ወጪዎች ደረጃ ኢኤን 12492 ይባላል። የሁለቱ ልዩነት የአገጭ ማሰሪያው ላይ ነው። የኢኤን 397 ማሰሪያ ከ150 እስከ 250 ኒውተን ሲጎተት እንዲለቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ሄልሜቱ የሆነ ነገር ላይ ቢጠመድ ሰውየውን እንዳያንቀው። የ12492ቱ ግን 500 ኒውተን መቻል አለበት፤ ሰው ሲወድቅ ከራሱ እንዳይወልቅ። መሬት ላይ ለሚሠራ የመጀመሪያው፣ ለሚወጣ ሁለተኛው። አንተ የምትሰፋው ክር የቱን እንደሚሆን ማን ያውቃል።

ሙጋድ
ስለ ቤት አጠገብ ካነሳችሁ መብራት ሽቦውን አትርሱ። ደሴ ውስጥ ባሕር ዛፍና የመብራት መስመር ተቃቅፈው ነው ያሉት። የአሉሚኒየም ሄልሜት ከገጠማችሁ በጭራሽ እንዳትገዙ። የብረት መረቡም ያው ብረት ነው። አንሲ ላይ ክላስ ኢ የሚል ካለ በ20,000 ቮልት የተፈተነ ነው፣ ክላስ ሲ ግን ከኤሌክትሪክ አያድንም። የትኛውም ቢሆን ግን ሽቦ የሚነካ ዛፍ መብራት ኃይል መጥቶ መስመሩን ሳይቆርጠው አይነካም። ኤሌክትሪሻን ነኝ፣ አምናችሁ ስሙኝ።

የጦሳ ማዶ
ወላሂ ይሄን ያህል ነገር አለው ብዬ አላሰብኩም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ለልጆቹ ከገዛሁ በኋላ ቀስ እያልኩ ከቀን ሒሳባቸው ልቀንስ አስቤያለሁ። እነሱም ዕቃውን የራሳቸው ካደረጉት ይጠነቀቁለታል ብዬ ነው። ነውር አለው?

ገራዶ
ነውርማ አለው! ዛፉ የማን ነው፣ ትርፉስ የማን ነው?

ኮምቦልቻ ሴፍቲ
ከነውሩም በላይ ሕጉ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብንና አጠቃቀሙን ማሳየትን የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል። በዚያ ሥራ አሠሪው አንተ ነህ። ሠራተኛው ደግሞ የተሰጠውን በአግባቡ መጠቀም አለበት። አላደርግም ካለ መጋዙ አጠገብ አታቁመው።

የጦሳ ማዶ
ገብቶኛል፣ ከእኔ ይሁን።

ዛሬ ሱቁ ተመልሼ ብርቱካናማውን ገለበጥኩት። እውነትም መሐሉ ላይ 18 ይላል፣ ቀስቱ 4 ላይ ነው። ሻጩን በፈረንጅ መሆኑን ስነግረው ሳቀና «ታዲያ ዋጋ ልቀንስልህ» አለኝ። ጎኑን ጨመቅ ሳደርገው ተንቋቋ። ተውኩት።

ሌላ ሱቅ ግን አዲስ ቢጫ አገኘሁ፤ ኢኤን 397 ተቀርጾበታል፣ ዓመቱ 24 ነው። ጆሮው አካባቢ ግራና ቀኝ ሰካ የሚደረግበት ክፍተት አለው። ባለሱቁ የጆሮ መሸፈኛና የሽቦ መረብ ለብቻ ሸጦ እዚያ ላይ እንደሚገጥምልኝ ነገረኝ። እንዲህ ይሆናል?

ኮምቦልቻ ሴፍቲ
ይሆናል፣ ክፍተቱ ለዚሁ ነው የተሠራው። ብዙዎቹ 30 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የመሸፈኛው ምላስ ያው ልክ መሆኑን እዚያው ሱቅ ውስጥ ገጥመህ እይ። ከአንድ አምራች ቢሆኑ ይመረጣል፣ አብረው ተፈትነዋልና። መሸፈኛው ላይ ኢኤን 352፣ መረቡ ላይ ኢኤን 1731 የሚል ፈልግ። ጆሮህን ዙሪያውን ካልገጠመ፣ ፀጉር ወይም የመነጽር እጀታ ከከፈተው ድምፁ ይገባል።

መረብ ደቃቅ ሰጋቱራ አያግድም። ከሥሩ የሥራ መነጽር ጨምር፣ ለልጆቹም ጭምር።

አልብኮ ጫፍ
ሄልሜቱን የባሕር ዛፍ ሙጫ ሲይዘው ቤንዚን እጅህ ላይ ስላለ በቤንዚን እንዳትወለውለው። ሁሉም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ፕላስቲኩን ያደርቀዋል። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃል። ደህና ምት ካረፈበት ደግሞ ስንጥቅ ባይታይም አትመልሰው፣ ሌላ ግዛ።

የጦሳ ማዶ
እሺ። የመሸፈኛው ምላስ አልገባ ካለስ? ባለሱቁ «በመሰርሰሪያ ሰፋ አደርግልሃለሁ» እያለ ነው።

ኮምቦልቻ ሴፍቲ
እንዳያስነካው። ልኩ የሆነውን መሸፈኛ ፈልግ፣ ደሴ ካጣህ ኮምቦልቻ ውረድ።